ኦኤስፒኤፍ በብዙ ኤሪያ

ኦኤስፒኤፍ ራውተሮች ስለ ኔትወርኩ መረጃ ተለዋውጠው ለእያንዳንዱ መድረሻ ዝቅተኛ ወጪ ያለውን መንገድ የሚመርጡበት ፕሮቶኮል ነው። ስሙ «ክፍት» የሚል ቃል የያዘው የማንም ኩባንያ ንብረት ስላልሆነ ነው። የመጀመሪያው ሰነድ በ1989 እ.ኤ.አ. ወጣ። ለአይፒ ስሪት 4 የሚያገለግለው አርኤፍሲ 2328 በጆን ሞይ ተጽፎ በ1998 እ.ኤ.አ. ታተመ።

== ኤሪያ ለምን ያስፈልጋል ==

በአንድ ኤሪያ ውስጥ ያሉ ራውተሮች በሙሉ አንድ ዓይነት ካርታ ይይዛሉ፤ መንገዱን የሚያሰሉት በዳይክስትራ ስልት ነው። አንድ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሁሉም እንደገና ያሰላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ቅርንጫፍ ሲጠፋና ሲበራ የሌላውም ራውተር ሥራ ይበዛበታል። ኔትወርኩ በኤሪያዎች ሲከፈል ግን ዝርዝር ካርታው ከኤሪያው አይወጣም።

ኤሪያ 0 የጀርባ አጥንት ይባላል። ሌሎቹ ኤሪያዎች ሁሉ ከእርሱ ጋር መገናኘት አለባቸው፣ በመካከላቸው የሚሄደው መረጃም በእርሱ በኩል ያልፋል። ሁለት ኤሪያዎችን የሚያገናኘው ራውተር የድንበር ራውተር ይባላል።

== ምሳሌ ==

ጎንደር፣ ጠዳና ደባርቅ ላይ ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት ይታሰብ። ጠዳ ከጎንደር በስተደቡብ፣ ደባርቅ በስተሰሜን ስለሆኑ ጎንደር ኤሪያ 0፣ ጠዳ ኤሪያ 1፣ ደባርቅ ኤሪያ 2 ቢሆኑ ከመንገዱም አቀማመጥ ጋር ይስማማል። ለጠዳ ከ10.1.16.0 እስከ 10.1.31.255 ያለው አድራሻ ይሰጣል።

የድንበር ራውተሩ የት ይቀመጥ የሚለው ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይታለፋል። ጠዳ ላይ ከተቀመጠ ረጅሙ መስመር ኤሪያ 0 ውስጥ ይገባል፤ በተቋረጠ ቁጥርም የጀርባ አጥንቱ በሙሉ እንደገና ያሰላል። ጎንደር ላይ ከሆነ መስመሩ የኤሪያ 1 ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛው ይሻላል።

በሲስኮ ራውተር ላይ መጀመሪያ የኦኤስፒኤፍ ሂደት ቁጥር ተሰጥቶት ይከፈታል፤ ይህ ቁጥር በየራውተሩ ቢለያይ ችግር የለውም። ቀጥሎ 10.1.16.0 በተገላቢጦሽ ማስክ 0.0.15.255 ኤሪያ 1 ውስጥ ይመዘገባል። በመጨረሻም በድንበር ራውተሩ ላይ የጠዳ አድራሻዎች በሙሉ 10.1.16.0/20 ተብለው በአንድ መስመር ይጠቃለላሉ። ማጠቃለያው ካልተጻፈ ኤሪያው ቢከፈልም እያንዳንዱ ንዑስ ኔትወርክ ለየብቻው ወደ ኤሪያ 0 ስለሚገለጽ የአንዱ መጥፋት ደባርቅ ድረስ ይሰማል።

== የተለመዱ እንቅፋቶች ==

ጎረቤት ራውተሮች እንዲተዋወቁ የኤሪያ ቁጥራቸው፣ የንዑስ ኔትወርክ ማስካቸውና የሰላምታ ጊዜያቸው አንድ መሆን አለበት። በኤተርኔት ላይ ሰላምታው በተለምዶ በየ10 ሰከንዱ ይላካል፤ 40 ሰከንድ ካልተሰማ ጎረቤቱ እንደጠፋ ይቆጠራል። የኤምቲዩ መጠን ከተለያየ ደግሞ ትውውቁ ይጀመርና መሀል ላይ ይቆማል፤ ይህ ለማግኘት አድካሚ የሆነ ስህተት ነው።

ሌላው ወጪ ነው። በብዙ የሲስኮ ራውተሮች መነሻው 100 ሜጋቢት ስለሆነ የ100 ሜጋቢትም የ1 ጊጋቢትም መስመር ወጪያቸው 1 ይሆናል፣ ራውተሩም አይለያቸውም። መነሻው ከፍ የሚደረገው በሁሉም ራውተሮች ላይ እኩል ነው።