ከእግር የሚጀምር ምርጫ፦ በረዶ፣ ጫማና የፓርክላንድስ ልጆች

በዚህ መጽሔት ውስጥ ስለ ማኅበሩ ምሥረታና ስለ ዕድሩ ሌሎች ጽፈዋል። እኛ ደግሞ ከፓርክላንድስ ጋር ዝምድና የሌለው ስለሚመስል ነገር፣ ስኖውቦርድ ስለሚባለው የበረዶ ሳንቃ ልንጽፍ ተነሥተናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ናይሮቢ ላይ ብርድ ሲባል የሐምሌ ደመና ነው፤ ሹራብ ከተደረበ ያልፋል። ነገር ግን ከ1991 ወዲህ ናይሮቢን መሸጋገሪያ አድርገው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ ኖርዌይና ወደ ስዊድን የሄዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በሊሙሩ መንገድ ዳር ባለ ቤት ስልክ ሲጮህ፣ ከወዲያ ያለው ልጅ የሚያወራው ስለ በረዶ ሊሆን ይችላል።

ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ካናዳ በገባ በሁለተኛው ክረምት፣ ከደመወዙ ቆጥቦ የሚያምር ሳንቃ ገዛ። የመረጠው በላዩ ባለው ሥዕል ነበር። ጫማውን ከጓደኛው ተዋሰ፤ ሁለት ቁጥር ስለሚሰፋው ክፍተቱን በድርብ ካልሲ ሞላው። በሦስተኛው ቀን ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰበረ። እናቱ በስልክ «ልጄ፣ ለመሆኑ ጫማው ልክህ ነበር ወይ?» ብላ ብትጠይቀው «እማዬ፣ ሳንቃው ግን በጣም ያምር ነበር» አላት። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በዚህ መልስ ምክንያት ነው።

በረዶ ለእኛ ጭራሽ ባዕድ ነገር አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ የገለበጠው የአንድ የአክሱም ንጉሥ የድንጋይ ጽሑፍ፣ የንጉሡ ጦር ወደ ሰሜን ተራሮች ሲዘምት በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰጥም እንደነበር ይናገራል። እዚህም ቢሆን የኬንያ ተራራ ጫፍ ከምድር ወገብ አጠገብ ሆኖ በረዶ ለብሶ ኖሯል፤ ዛሬ ግን በረዶው በጣም ተመናምኗል።

ስለ ጫማ ልክም ታሪካችን ያስተምረናል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ማራቶን በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ንቆ አልነበረም። የቀረበለት ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው፣ ልምምዱን በባዶ እግሩ ያደርግ ስለነበር፣ ከማይመች ጫማ ባዶ እግሩን መረጠ። በ1964 በቶኪዮ ግን በጫማ ሮጦ ደገመው። በበረዶ ላይ ባዶ እግር የማይታሰብ ነው፤ ልክ ያልሆነ ጫማን እምቢ ማለት ግን ይቻላል።

የሳንቃው ታሪክም ራሱ የእግር ታሪክ ነው። በ1965 በገና ዕለት፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በመስኪገን ከተማ፣ ሸርማን ፖፐን የተባለ አባት ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ብሎ ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አያያዘ። ስነርፈር ተብሎ የተሸጠው ይህ መጫወቻ አፍንጫው ላይ ገመድ እንጂ የእግር ማሰሪያ አልነበረውም። በ1977 በቬርሞንት ሥራ የጀመረው ጄክ በርተን ካርፐንተር እና በዚያው ዘመን የነበሩ ሌሎች ሠሪዎች እግርን ከሳንቃው ጋር የሚያስር ባይንዲንግ እያሻሻሉ ሄዱ። እግር ሲታሰር መጫወቻው መሣሪያ ሆነ። በ1980ዎቹ ብዙ የስኪ ቦታዎች ሳንቃን አናስገባም ብለው ነበር፤ በ1998 ግን በጃፓን ናጋኖ ኦሊምፒክ ገባ።

በዚያው በናጋኖ የጎረቤታችን ልጅ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በ10 ኪሎ ሜትር የስኪ ሩጫ ተወዳድሮ የመጨረሻ ወጣ። አሸናፊው ኖርዌጂያዊ ቢዮርን ዴሊ ግን መድረሻው ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። ቦይት በኋላ ለወንድ ልጁ ዴሊ የሚል ስም አወጣለት። በ2006 ደግሞ በቱሪን፣ በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ሌክ ፕላሲድ ስኪ የተማረው ሮቤል ተክለማርያም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሆነ። በ15 ኪሎ ሜትሩ ውድድር ሮቤልና ቦይት አብረው ተሰልፈዋል። ሮቤል በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ጎማ በተገጠመለት ስኪ ይለማመድ ነበር፤ በ2010ም በቫንኩቨር ተመልሶ ተወዳድሯል። ሁለቱም የስኪ እንጂ የሳንቃ ሰዎች አይደሉም። ሆኖም ልጆቻችን «በረዶ የእኛ አይደለም» እንዳይሉ በር ከፍተዋል።

እንግዲህ ጀማሪው ምን ይምረጥ? ቅደም ተከተሉ ዓይን ከሚወደው ተቃራኒ ነው፤ በመጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ባይንዲንግ፣ በመጨረሻ ሳንቃ።

የበረዶ ጫማ ቁጥር የእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው። ተረከዝን ከግድግዳ አስጠግቶ በወረቀት ላይ ቆሞ መለካት ይበቃል፤ እግሩ 27 ሴንቲ ሜትር የሆነ 27 ቁጥር ይሞክራል። አንድ የሱፍ ካልሲ ብቻ ይደረጋል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣቶች የጫማውን ጫፍ በስሱ ይነካሉ፤ ጉልበት ሲታጠፍ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ዋናው ፈተና ተረከዝ ነው። በጣቶች ላይ ሲቆሙ ተረከዙ ከፍ ካለ ጫማው ይቅር። አሽከርካሪው ሳንቃውን የሚያዞረው በተረከዙና በጣቶቹ ነውና፣ ጫማው ውስጥ የሚዋኝ እግር ሳንቃውን አያዝዝም። አዲስ ጫማ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰፋ ስለሚል፣ ሳያሳምም ጥብቅ ያለው ይሻላል። ለጀማሪ ለስላሳው ይመረጣል። በክር ወይም በሚሽከረከር ቁልፍ መታሰሩ የምርጫ ጉዳይ ነው።

ባይንዲንግ የሚገዛው ጫማውን ይዞ ሄዶ ነው። አንዱ ጠፍር በቁርጭምጭሚት፣ ሌላው በጣቶች ላይ ይታሰራል፤ ጫማው መሐል ላይ ሳይላወስ መቀመጥ አለበት። የስኪ ማሰሪያ ሰው ሲወድቅ ይፈታል፤ የሳንቃው ግን ሁለቱም እግሮች እንደታሰሩ እንዲቀሩ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አይፈታም። ስለዚህ ብሎኖቹን በየጊዜው ማጥበቅ ያስፈልጋል። የባይንዲንጉ ቀዳዳዎች ከሳንቃው ጋር መግጠማቸውንም ከመክፈል በፊት ጠይቁ።

ሳንቃው በአገጭና በአፍንጫ መካከል ይድረስ የሚለው የቆየ ልማድ ለግምት ይረዳል። ይበልጥ የሚታመነው ግን የሰውየው ክብደት ነው፤ ሠሪዎቹ የክብደት ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ጀማሪ ካጠረው ወገን ለስለስ ያለውን ቢወስድ ለመዞር ይቀለዋል። እግሩ ትልቅ የሆነ፣ በተለይ ከ44 ቁጥር በላይ፣ ሰፊ ሳንቃ ይፈልግ፤ አለዚያ ጣቱ ከጠርዙ አልፎ በረዶ እየነካ ይጥለዋል።

የትኛው እግር ይቅደም? በካልሲ ሆኖ በለስላሳ ወለል ላይ ሮጦ መንሸራተት ነው፤ ሳያስብ የቀደመው እግር ከፊት ይሁን። ግራ ሊሆን ይችላል፣ ቀኝም ሊሆን ይችላል፤ ስሕተት የለውም።

ለወላጆች ስለ ገንዘብ አንድ ቃል እንጨምር። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሁሉንም መከራየት ይሻላል፤ ልጁ ካልወደደው ኪሳራው ትንሽ ነው። ከወደደው ገንዘቡ አስቀድሞ በአዲስ ጫማ ላይ ይዋል። ጠርዙ ያልተሰነጠቀ፣ ሆዱ በጥልቀት ያልተቦረቦረ ያገለገለ ሳንቃ ግን ለዓመታት ያገለግላል። የሌላ ሰው እግር የቀረጸው አሮጌ ጫማና ታሪኩ የማይታወቅ የራስ መከላከያ ቆብ አይገዙ። ጀማሪ ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ በብዛት የሚጎዳው የእጅ አንጓ ነው፤ የአንጓ መከላከያ አትርሱ።

ያ ልጅ ሁለት ክረምት ሳንቃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ከረመ። በሦስተኛው እናቱ ከፓርክላንድስ ገንዘብ ላከችለት፤ «ለጫማ ብቻ!» ብላ አስጠንቅቃ። ባለ ሥዕሉን ሳንቃ ስለሚረዝምበት ሸጦ አጠር ያለ፣ ያገለገለ ገዛ። አሁን የሐበሻ ልጆችን እያስተማረ ነው፤ መጀመሪያ የሚያየውም ተረከዛቸውን ነው።

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። የስደት ልጆቻችን የቆሙበት ምድር ሲለወጥ፣ ለእግራቸው የሚስማማውን እየመረጡ ጸንተው እንዲቆሙ ምኞታችን ነው። መልካም በዓል!