ከጭቃ በሬ እስከ ሽቦ ካሶኒ፦ የደጀን መንገድና በእጅ የተሠራው የጭነት መኪና

ደጀን በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቆረቆረች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውራ ጎዳና ሸለቆውን ተሻግሮ የሚወጣባት፣ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚያደርሰው መንገድም ከደብረ ማርቆሱ የሚገነጠልባት ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ጭነት በምን ይጓጓዝ እንደ ነበር የሚያስረዳው መዝገብ ብቻ አይደለም፤ ልጆች በእጃቸው የሠሯቸው መጫወቻዎችም፣ ማንም ለታሪክ ብሎ ባያኖራቸውም፣ የዘመናቸውን ማጓጓዣ ቅርጽ ይዘዋል።

መኪና ከመምጣቱ በፊት የጎጃም ጭነት በአጋሰስ፣ ማለትም ለሸክም በሚውል ፈረስ፣ እንዲሁም በበቅሎና በአህያ ጀርባ ይሄድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣውን ቡናና ዝባድ፣ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ፣ ማለትም እንደ ገንዘብ ከሚያገለግለው የጨው ጡብ ጋር ያገናኝ ነበር፤ ወንዙ በክረምት ሲሞላ መልካው ስለሚዘጋ ነጋዴው ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ ግድ ይሆንበት ነበር። የዚያ ዘመን የገጠር ልጅ ከብት ሲጠብቅ የሚያበጀው መጫወቻም ከሚያየው የተቀዳ ነበር፤ በሬውንና ላሚቱን ከጭቃ ጠፍጥፎ፣ ቀንበሩን ከጭራሮ ሠርቶ ይጠምዳል።

በአገሪቱ ምሥራቅ ግን ሌላ ማጓጓዣ ገብቶ ነበር። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. መዘርጋት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። በዚያ መስመር ዕቃ የሚጫንበት ተጎታች ፉርጎ ይባላል፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋትም 1 ሜትር ነበር። በአውሮፓ የባቡር አምሳያ መሥራትን የትርፍ ጊዜ ሙያ ያደረጉ ሰዎች እውነተኛውን 87 ጊዜ ሲያሳንሱት ይህ ስፋት በ12 ሚሊ ሜትር ይወከላል፤ ፉርጎውንም ከዝርግ ፕላስቲክና ከናስ ሽቦ እየለኩና እየቆረጡ ያበጁታል። ሐዲዱ ወደ ጎጃም አልዘለቀምና የደጀን ልጅ አስመስሎ የሚሠራው ፉርጎ አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣው ዕቃ ዓባይን መውረድና መውጣት ነበረበት።

ይህን ቁልቁለት ለመኪና የከፈተው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተሠራው መንገድ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የአገሪቱ መንገዶች በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ገቡ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ስለሚወጣ፣ የተጫነ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚያዘግምበት ነው። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው፣ ማለትም ከኋላው ከሚጎተተው ሁለተኛ መጫኛ ጋር፣ በዝግታ ሲያልፍ ዳር የቆመ ልጅ ጎማውን ለመቁጠር፣ የካሶኒውን፣ ማለትም የዕቃ መጫኛውን ሳጥን፣ አሠራር ልብ ለማለት በቂ ጊዜ ነበረው። ለአምሳያ ሠሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

መጫወቻ መኪናው የሚጀመረው ከሻንሲው፣ ማለትም ሁሉንም ከሚሸከመው አግዳሚ ነው። ልጁ የተጣለ ሽቦ በድንጋይ እየቀጠቀጠ ያቃናል፣ ሁለት ትይዩ ዘንጎችን በአጫጭር ቁራጮች ያያይዛል፣ መገጣጠሚያውንም ብየዳ ስለሌለው በቀጭን ሽቦ ደጋግሞ ይጠመጥማል። ካቢናውና ካሶኒው ከዘይት ወይም ከሰርዲን ቆርቆሮ ይቆረጣሉ፤ የተቆረጠው ጠርዝ እጅ ስለሚበላ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ እጥፋቱም ስሱን ቆርቆሮ ያጠነክረዋል። ጎማው ቆርኪ፣ ማለትም የጠርሙስ ክዳን፣ አለዚያም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ በክብ የተቆረጠ ሶል ነው፤ ሶሉ ድንጋያማ መሬት ላይ ስለሚይዝ ይመረጣል። ከፊተኛው የጎማ ዘንግ ጋር የተያያዘ ረጅም እንጨት እስከ ልጁ ወገብ ይደርስና ጫፉ ላይ ሽቦ በክብ ይታሰርበታል፤ ይህ መሪ ከመኪናው ጋር ሲነጻጸር ያለ ልክ ትልቅ ነው፣ ነገር ግን ሳያጎነብሱ እየነዱ የሚሮጡት በእርሱ ስለሆነ ስሕተት ሊባል አይችልም። አውሮፓዊው አምሳያ ሠሪ በማስመሪያ መጠን ሲጠብቅ የደጀኑ ልጅ የሚጠብቀው አሠራሩን ነው፦ መኪናው መጠምዘዝ፣ ጭነት መሸከምና አቀበት መውጣት አለበት። ካሶኒው ላይ የሚደረደሩት ጠጠሮች የጤፍ ኩንታሎች ናቸው፤ ከቢቸና በኩል በእውነተኛው መኪና የሚመጣውም ጤፍ ነውና።

የመጫወቻው ጥሬ ዕቃ ራሱ የጭነቱ ትራፊ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ቆርቆሮው፣ ቆርኪውና ሽቦው በዚያው መንገድ ተጭነው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ዘይት በቢጫ ጀሪካን መሸጥ ሲለመድ መኪናውም ከፕላስቲክ መቆረጥ ጀመረ፤ ፊያት ለአይሱዙ፣ አይሱዙ ለሲኖትራክ ቦታውን ሲለቅም የካቢናው ቅርጽ ተከትሎ ተለወጠ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ከአሮጌው የዓባይ ድልድይ አጠገብ ሲከፈት ደግሞ ከባድ መኪና ወንዙን መሻገሩ እንደ ቀድሞው የሚያሰጋ መሆኑ ቀረ።

የባህል ቅርስ ሰብሳቢዎች መስቀልና ሞፈር ሲያሰባስቡ ይህን ዓይነቱን ዕቃ እንደ ቆሻሻ ማለፋቸው ትክክል አይደለም። አንድ የሽቦ መኪና የተሠራበት ቀበሌ፣ ዓመትና ጥሬ ዕቃ ተጽፎ ከተቀመጠ የመንገድ ታሪክ ማስረጃ ይሆናል፤ ዝገት ስለማይምረውም የምሥራቅ ጎጃም ትምህርት ቤቶች ከተማሪዎቻቸው ወላጆች እጅ የቀረውን ከአሁኑ ሊያሰባስቡ ይገባል።