ቦታው ሳይለወጥ አድራሻው ሲለወጥ

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ለሞት ያበቃቸውን ቁስል የቆሰሉባት መተማ በመጻሕፍት ውስጥ በአንድ ስም ብቻ አትገኝም። ከድንበሩ ማዶ ባለችው ከተማ ስም «የገላባት ጦርነት» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ በሱዳን በዓባይ ዳር፣ በሸንዲ አንጻር የምትገኘው ሌላይቱ መተማም አንባቢን ታሳስታለች። የበላይ አስተዳደሯም እንዲሁ ተለዋውጧል፤ በዘውዱ ዘመን በበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም በሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ነበረች፤ ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ትገኛለች። ምድሪቱ ግን ከሥፍራዋ አልተነቃነቀችም።

ይህ ታሪክ ድረ ገጽ ለሚሠራ ባለሙያ ትልቅ ትምህርት አለው። ቀድሞ የገጽ አድራሻ በሰርቨሩ ውስጥ ያለውን የፋይል ስምና የመዝገብ ቁጥር እንዳለ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ራልፍ ኤንገልሻል ለአፓች ሰርቨር የጻፈው ሞድ ሪራይት አንባቢ የሚያየውን አድራሻ ከፋይሉ እንዲለይ አስቻለ። ከዚያም በ2004 ሩቢ ኦን ሬይልስ፣ በ2005 ጃንጎ ሲወጡ፣ አድራሻን ከተግባር ጋር የሚያገናኘው ሠንጠረዥ በፍሬምወርኩ ውስጥ ተካቶ ቀረበ። በመሆኑም «ገጽ?ቁጥር=217» በማለት ፈንታ «/ከተማ/መተማ» ማለት ቀላል ሆነ።

የፊደላችን ነገር ግን ዘግይቷል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ቢገባም፣ በአድራሻ ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ስለሚመነዘር ባለ 3 ፊደሏ «መተማ» 27 ምልክት ትሆናለች። ከርእስ አድራሻ የሚያወጣው የጃንጎ መሣሪያም የላቲን ያልሆነውን ፊደል ይጥል ስለ ነበር «መተማ» ባዶ ሆና ትቀር ነበር፤ በ2015 የወጣው 1.9 እትም ፊደሉን የሚያስጠብቅ ምርጫ ቢጨምርም፣ ባለሙያው ካላዘዘው በቀር አይሠራም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምን ስም እንደሚመረጥ ነው። አድራሻውን «/ሰሜን-ጎንደር/መተማ» ብሎ የሠራ ሰው ዞኑ ሲከፈል ወይ ሐሰት ይዞ ይቀራል፣ ወይም አድራሻውን ይሰብራል። የድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ በ1998 ባወጣው ጽሑፍ የሚለዋወጥ ነገር በአድራሻ ውስጥ እንዳይገባ መክሯል። ስለዚህ የዞኑ ስም በገጹ ይጻፍ፤ በአድራሻው ግን የጸናው ስም ይቁም፤ ከዓባይ ዳሯ ለመለየትም «መተማ-ዮሐንስ» የሚለው የከተማይቱ የራሷ ስም ይበቃል። ለውጥ ግድ ሲሆን ደግሞ አሮጌው አድራሻ በ301 መልስ ወደ አዲሱ ይምራ። አሮጌውን በማስታወሻው የያዘ የታሪክ ተመራማሪም ሆነ የሰሊጥ ነጋዴ የዞን ለውጥ መንገዱን ሊዘጋበት አይገባም።