የደሴቱ ቀንድ አውጣና የዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ደን



ስለ ሰሜን ደን ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠየቀው «ማን ጨፈጨፈው?» የሚል ነው። እኔ ዛሬ «የተረፈውን ምን አተረፈው? አሁንስ ምን ያሰጋዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ከማክሰኝት ተነሥቶ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው፣ በእርሻ መካከል ጥቅጥቅ ያለ ደን ከሩቅ ሲያይ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ይገምታል። ደኑን ያቆየው የቦታው ቅድስና ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። እያንዳንዱ ዐጸድ ደሴት ነው፤ ባሕሩ እርሻና ግጦሽ ነው።

ደሴት እንዴት እንደሚጠፋ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ሞኦሪያ ታስተምረናለች። በዚያ ፓርቱላ የተባሉ፣ በዛፍ ላይ የሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ከምሥራቅ አፍሪካ የተገኘው ግዙፍ ቀንድ አውጣ ወደ አካባቢው ገብቶ ሰብል ስላጠፋ፣ እርሱን እንዲበላ እ.ኤ.አ. በ1977 ሌላ ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ተለቀቀ። መጤው ግን የደሴቱን ተወላጆች በላ። በ10 ዓመት ውስጥ ከዱር ጠፉ ተባለ፤ አስቀድመው በባሕር ማዶ የአራዊት ማቆያዎች የገቡት ጥቂቶች ግን ዘራቸውን አቆዩ።

የእኛም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው የማገዶ እጥረትን ለማቃለል፣ በበጎ ሐሳብ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ርስት ከወሰደ ወዲህ፣ ቶሎ አድጎ የሚሸጠው ይህ ዛፍ ለአጥቢያዎች የገቢ ምንጭ ሆኗል። በአንዳንድ ዐጸዶችም ከጽድና ከወይራ ጎን ተተክሏል። ከብቶችም ቅጥር በሌለበት እየገቡ ችግኙን ይግጣሉ፤ ይረግጣሉ። አረጋዊው ዛፍ ቆሞ ሳለ ተተኪ ያጣል። ስለዚህ ደኑ ከሩቅ ለሚያየው ሙሉ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ትውልዱ ተቋርጧል።

ካህናቱንና ሰበካ ጉባኤውን ልንወቅስ አይገባም፤ ደኑን እስከ ዛሬ ያደረሱት እነርሱ ናቸው። ይልቅ የምንረዳቸው በሁለት ነገር ነው፦ ከብት የሚከለክል የድንጋይ ካብ በመገንባትና ባሕር ዛፉን የሚተካ ገቢ በመፈለግ። ለሞኦሪያ ቀንድ አውጣ መጠጊያ የሆነው ባሕር ማዶ ነበር። የእኛ ዝግባና ኮሶ መጠጊያቸው ይኸው ዐጸድ ነው፤ ከእርሱም ከጠፉ ዘር የምንለቅምበት ሌላ ቦታ በአቅራቢያችን የለንም።