ቀይ አፈርና ባዶ እግር፤ የአንድ ምርምር ታሪክ ከገበያ እስከ ሚዳቀኝ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን እያለፈ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው አፈሩ መልኩን ሲለዋውጥ ያያል። በጊንጪ ሜዳ ጥቁሩ ዋልካ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ተዳፋቱና ኮረብታው ሲጀምር ደግሞ ቀዩ አፈር ይተካዋል። የአካባቢው ገበሬ የትኛው አፈር ውሃ እንደሚቋጥር፣ የትኛውም ቶሎ እንደሚጠነፍፍ ጠንቅቆ ያውቃል። ቀዩ አፈር ከእርሻም ሌላ በገበሬው እግር ላይ የሚሠራው ሥራ እንዳለው ለመረዳት ግን የሕክምና ሊቃውንት ረጅም ዘመን ፈጅቶባቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እግርን አሳብጦ የዝሆን እግር የሚያስመስለው ሕመም በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ ይባላል። በ1877 ፓትሪክ ማንሰን የተባለው ሐኪም በቻይና ሳለ የፊላሪያ ትል በትንኝ ሰውነት ውስጥ እንደሚያድግ ካሳየ ወዲህ፣ በየትኛውም ሞቃት አገር ያበጠ እግር በታየ ቁጥር ጥፋቱ በትንኟ ላይ ይጣል ጀመር። ይህ አስተሳሰብ መሠረት የለሽ አልነበረም፤ በጋምቤላ ቆላ ትሉ በእርግጥ ይገኛል። ነገር ግን አምቦን የመሰለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደጋ፣ ብርዱ ትሉ በትንኝ ውስጥ እንዲያድግ አይፈቅድም። ታዲያ የደገኛውን እግር ያሳበጠው ምን ነበር?

ጥያቄው በ1960 በኢትዮጵያና በኬንያ ስለሚታየው ምክንያቱ ያልታወቀ የእግር እብጠት ኮኸን ባሳተመው ጽሑፍ ተነሣ። በ1969 ደግሞ ኦሜን የተባለው ሐኪም ውጤቱን ይዞ ብቅ አለ። የምርምሩ ዘዴ እጅግ ቀላል ነበር፤ ይኸውም ሕዝብ በሚሰበሰብበት ገበያ ያበጡ እግሮችን መቁጠር ነው። ከዚህም ቆጠራ ሕመሙ የቆላ ሳይሆን የደጋና የወይና ደጋ መሆኑ ታወቀ።

በኢትዮጵያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ተሰማርቶ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነገሩን ከዚያ አራቀው። ሕመሙ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ከአፈሩ ዓይነት ጋር አስተያይቶ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሕመሙ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን አፈር ተከትሎ እንደሚሄድ በ1976 አስታወቀ። በ1978 ከሄንደርሰን ጋር ሆኖ ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱ ሰዎች ንፍፊት ውስጥ የአፈሩን ማዕድናት አገኘ። በ1988ም ሕመሙን ከግሪክ ቋንቋ በወሰዳቸው «እግር» እና «አቧራ» በሚሉት ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። እንደ ማብራሪያው ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በተራቆተው እግር ቆዳ በኩል ገብቶ ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ይደርሳል፤ ቧንቧዎቹ ይቆጣሉ፣ ይጠባሉ፣ በመጨረሻም ይደፈናሉ። ስለዚህ እብጠቱ ከእግር ጣትና ከመዳፉ ይጀምርና ወደ ላይ ያድጋል፤ ከጉልበት የሚያልፈውም ከስንት አንዴ ነው። ሐኪሙ ያለ መሣሪያ፣ በዓይኑና በእጁ ብቻ ከፊላሪያው ዝሆኔ ሊለየው የሚችለው በዚህ ነው።

መንሥኤው ከታወቀ መከላከያውም ታውቋል፤ ጫማ ነው። ወንጪን የመሰለ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ በአቅራቢያው ያለው ምዕራብ ሸዋም ዕውቀቱ ከሁሉ ቀድሞ ሊደርሰው ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ በዚሁ ዞን በሚዳቀኝ ወረዳ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ጥናት በ2012 ሲታተም፣ የሕመሙ ሥርጭት 7.4 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህም በ2003 ስለ ወላይታ ከታተመው 5.46 ከመቶ የበለጠ ነው። የደሙ ምርመራም የፊላሪያን ትል ከደሙ ነጻ አድርጎታል። ፕራይስ ስለ አፈሩ ከጻፈ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

ዕውቀቱ መንገድ ላይ የቀረበት አንዱ ምክንያት ድህነት ነው፤ ጫማ ዋጋ አለው። ሌላው ምክንያት ግን ከእምነት የመጣ ነው። ሕዝቡ ሕመሙ በዘር ይወርዳል ይላል፤ ሕመምተኛ ካለበት ቤት ጋብቻ ይሸሻል። የሚያስገርመው አባባሉ ከፊል እውነት መሆኑ ነው። በ2007 የታተመ ጥናት ለሕመሙ የመጋለጥ ዝንባሌ 63 ከመቶ ያህሉ በውርስ እንደሚመጣ ገመተ፤ በ2012ም ሌላ ጥናት ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዘውን የዘር ክፍል ለይቶ አሳየ። ሆኖም የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ሕመሙ አይደለም። ከዚያው ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ከተጫማ አፈሩ መግቢያ ያጣል።

የተሳሳተው ሕዝቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። በወላይታ በጤና ባለሙያዎች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት ግን፣ ከባለሙያዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ብለው እንደሚያምኑ ገለጸ። ከመንደሩ የተገለለ ሕመምተኛ በጤና ጣቢያም እጁን የሚሰበስብ ባለሙያ ከገጠመው መሄጃው ወዴት ነው? በዚያው በወላይታ የተደረገ ሌላ ጥናት ሕመምተኛው ከሥራ ቀኑ 45 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አስልቷል። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚባክነው በእርሻና በቤት ሥራ ላይ ካለው ሰው ነው።

ሕክምናው ውድ አይደለም፤ እግርን በሳሙናና በፀረ ተሕዋስያን ውሃ መታጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕመምተኞች ላይ ተካሂዶ በ2018 የታተመው ጥናት፣ ይህን እንክብካቤ ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ በአጣዳፊ ሕመም ሲጠቁ፣ ገና ያላገኙት 23.9 ጊዜ እንደተጠቁ አሳይቷል። የአራት ተኩል ጊዜ ልዩነት ለከተማ ሰው ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ በአዝመራ ወቅት ለሚያርስና ለሚያጭድ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

በአገር አቀፍ ደረጃ በ1,315 ቀበሌዎች የተካሄደው ቅኝት የሕመሙን ሥርጭት 4 ከመቶ አድርጎታል፤ በ2017 የወጣው ግምትም ሕመምተኞቹን 1.5 ሚሊዮን ጎልማሶች ያደርሳቸዋል። የዚህ ታሪክ ቁልፍ ምዕራፎች፣ የገበያው ቆጠራም ሆነ የሚዳቀኙ ቅኝት፣ የተጻፉት የሰውን እግር ጎንበስ ብሎ በማየት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ዝሆኔን የሚደብቅ ሕመምተኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚደብቀው የሚያየው ሰው ስለሚያፍርበት ነው። በአምቦም ሆነ በጌዶ፣ በጉደርም ሆነ በጊንጪ፣ በራስ ምታት ወይም በሳል ምክንያት የመጣን ገበሬ እግሩን ጭምር የሚመረምር ባለሙያ ከዚህ ምርምር ፍሬውን ወደ ተገኘበት ቀዬ ይመልሳል።