የሞተር መቀመጫ ማጠናከሪያ

የእሽቅድድም መኪና የሚያሰናዱ ሰዎች «ማውንት ሪኢንፎርስመንት» የሚሉትን ሥራ በአማርኛ «የሞተር መቀመጫ ማጠናከሪያ» ብንለው ይስማማል። ጋራዥ ገብተው «የሞተር ጎማ» ቢሉ መካኒኩ የሚገባው ንዝረት የሚውጠው ላስቲክ ነው። እዚህ የሚጠናከረው ግን ላስቲኩ በቡሎን የሚታሰርበት ብረት ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው መኪናውን ይጎዳል።

ለምን እንደሆነ ለማየት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ቢኤምደብሊው ኤም3፣ ኢ36 የሚባለውን እንውሰድ። ቀድሞ ለአውሮፓ ገበያ የቀረበው ባለ 3 ሊትር ሞተር 286 የፈረስ ጉልበትና 320 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ስለታሰሩ መቀመጫዎቹ የሚችሉት 320ውን ብቻ አይደለም፤ ማርሹ ያባዛውንም ጭምር ነው። አንደኛ ማርሽ በ4.2 ሲያባዛው ወደ 1,340 ይጠጋል። የግራና የቀኙ መቀመጫ ግማሽ ሜትር ይራራቃሉ ብንል፣ በአንዱ ወገን ወደ ላይ የሚገፋ፣ በሌላው ወደ ታች የሚጫን 270 ኪሎ ያህል ኃይል አለ ማለት ነው። ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅማ ከዚህም ይብሳል።

ክራንክሻፍቱ ከፊት ለሚያየው ሰው በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር የሞተሩ አካል በተቃራኒው ይጠመዘዛል፤ በዚህ ጊዜ በመኪናው ግራ በኩል ያለው የሞተሩ ጎን ይነሳል። ብረቱ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዚያው በግራ፣ ጎማው በሚቀመጥበት የላሜራ ጆሮ ላይ፣ ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ ነው። መጀመሪያ ከፀጉር አይበልጥም፤ ቅባትና አፈር ሲሸፍነው ጭራሽ አይታይም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሲወዛወዝ ያይና ለስላሳውን ላስቲክ አውጥቶ ጠንካራ ፖሊዩሬቴን ወይም ድፍን አልሙኒየም ያስገባል። ውዝዋዜው ይቆማል፤ ላስቲኩ ይውጠው የነበረው ምት ግን በቀጥታ ብረቱ ላይ ያርፋል፣ ጆሮውም ይቀደዳል። ስለዚህ ብረቱ ይቅደም፣ ጎማው ይከተል።

ለሥራው ሞተሩ ከላይ ይንጠለጠልና ሰብፍሬሙ፣ ማለትም መቀመጫዎቹን የሚሸከመው ከሥር ያለው የብረት አካል፣ ይወርዳል። ቀለሙ እስከ ብረቱ ይፋቃል። ስንጥቅ ከተገኘ እንዳይቀጥል ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ከዚያ ይበየዳል። በላዩ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ደጋፊ ላሜራ ይደረባል፤ ጆሮውን ብቻ ሳይሆን ከሰብፍሬሙ አካል ጋር አያይዞ መያዝ አለበት፣ አለዚያ ስንጥቁ ቦታ ለውጦ ይመጣል። ብየዳው በአጫጭር ርቀት፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ካልሆነ ሙቀቱ ሰብፍሬሙን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ሰብፍሬም ደግሞ የፊት እግሮቹን አሰላለፍ ያበላሻል። ሲያልቅ ዝገት እንዳይገባው ይቀባል።

ጉልበቱ ላልተጨመረ፣ በየቀኑ ሥራ ለሚያደርስ መኪና ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ያረጀውን ጎማ በአዲስ መቀየርና መቀመጫውን በባትሪ መብራት መፈተሽ ይበቃል።