የዕፅዋት ውሁዶችና የእርሾ ሕዋስ ዕድሜ

ከዕፅዋት የሚገኙ ውሁዶች የሕዋስን እርጅናና ሞት እንዴት እንደሚለውጡ ከሚጠናባቸው ሕያዋን አንዱ የዳቦ እርሾ ነው። የእርሾ ዕድሜ በሁለት መንገድ ይለካል። በመጀመሪያው፣ እናት ሕዋስ እስክትሞት የምታፈራቸው ልጆች ይቆጠራሉ፤ ተመራማሪው በማይክሮስኮፕ እያየ እያንዳንዷን አዲስ ልጅ በቀጭን የመስታወት መርፌ ከእናቷ ይለያል። አድካሚ ሥራ ነው። በሁለተኛው፣ መከፋፈል ያቆሙ ሕዋሳት ስንት ቀን በሕይወት እንደሚቆዩ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በወይን ልጣጭ ውስጥ የሚገኘው ሬስቬራትሮል፣ ሰር2 የተባለውን ኢንዛይም በማነቃቃት የእርሾን የመከፋፈል ዕድሜ በ70 በመቶ እንደሚያራዝም ተዘገበ። ወሬው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የእንክብል ገበያ እስከመፍጠር ደረሰ። በ2005 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች በተለያዩ የእርሾ ዘሮች ሞክረው ውጤቱን አላገኙም። ታየ የተባለው መነቃቃትም ለመለኪያ በተጨመረው አብሪ ኬሚካል ላይ የተመሠረተ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ትኩረቱ ሰፍቷል። በ2016 በሞንትሪያል የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነጭ አኻያ ቅርፊትን ጨምሮ የስድስት ዕፅዋት ጭማቂዎች መከፋፈል ያቆመ እርሾን ዕድሜ እንደሚያራዝሙ አሳዩ። በ2019 ደግሞ አሺታባ ከተባለው የጃፓን ተክል የተገኘ ፍላቮኖይድ፣ ሕዋሱ ያረጁ ክፍሎቹን ራሱ ፈጭቶ መልሶ የሚጠቀምበትን ሂደት በማፋጠን ተመሳሳይ ውጤት አስገኘ።

ሁሉም ውሁድ ግን ዕድሜ አያራዝምም። በኢትዮጵያ ደጋ በሚበቅለው ጦስኝ ዘይት ውስጥም ያለው ካርቫክሮል የእርሾን የካልሲየም ሚዛን አናግቶ ሕዋሱን ይገድላል።